ደርሶ መልስ

አጎቴ ጉዞ ሲያቅድ ደብተር ያወጣ ነበር። ጠርዙ የተበላ፣ ልባሱ የወየበ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ይከፍልና በግራ በኩል «የሚታይ»፣ በቀኝ በኩል «የሚቀመስ» ብሎ ይጽፋል። ከግርጌ አንድ መስመር ያሰምርባታል፤ «የተመለስንበት ሰዓት»። ይህቺን የግርጌ መስመር ማታ ቤት እንደገባ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይሞላታል። እሷ ካልተሞላች ጉዞው አላለቀም።

«ደርሶ መልስ» የሚለውን ቃል የተማርኩት ከዚያ ደብተር ነው። አብደራፊ ላደገ ልጅ ቃሉ እንግዳ ነበር። በእኛ አገር ሰው ይመጣል፤ መቼ እንደሚመለስ ግን አይናገርም። ክረምት ሲገባ ለሰሊጥ አረም፣ መስከረም ሲጠባ ለአጨዳ፣ ከደጋው አገር ሁሉ ወጣቱ ማጭዱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይወርዳል። ከፊሉ ገንዘቡን ቋጥሮ ለገና ቤቱ ይገባል። ከፊሉን ወባ ያስቀረዋል፣ ከፊሉን ካላዛር። ከፊሉ ደግሞ ቆላውን ለምዶ ጎጆ ቀልሶ ይቀራል። አባቴ ከእነዚህ ከቀሩት አንዱ ነበር። «ለአንድ አጨዳ መጥቼ» እያለ ሲያወራ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር።

መንገዱም ቢሆን ደርሶ ለመመለስ የሚያመች አልነበረም። በበጋ እግር እስኪውጥ የሚሰነጠቀው ዋልካ፣ ክረምት ሲገባ የጭነት መኪናውን ጎማ አንቆ ይይዛል። ጥርሱ እስኪጠፋ ጭቃ የለበሰ ጎማ ሲዞር ውሎ እዚያው ሲመሽበት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ እኔ የማውቀው ጉዞ አንድ ነበር፤ ሰሊጡ ተራግፎ፣ ተሸጦ፣ መንገዱ ከደረቀ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ ለጥምቀት ወደ ጎንደር መውጣት። በአብርሃጅራ በኩል ሳንጃን አልፈን፣ ከሙቀቱ ወደ ብርዱ ስንወጣ እናቴ ነጠላዋን በራሴ ላይ ትጥልልኛለች። ጎንደር ከአያቴ ቤት፣ የታሪክ መምህር ከሆነው አጎቴ ጋር፣ ደብተሩ ይጠብቀኛል። ይህ የ1980ዎቹ መጨረሻ ነው።

ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ የፋሲል መዋኛ በሰው ይሞላል። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ ውኃው ወይን የሆነበት። እኔ ወይን አይቼ አላውቅም ነበር። ቀለሙን ግን አውቀዋለሁ፤ የእናቴ የክት ቀሚስ «ወይን ጠጅ» ነበር። ያንን ቀለም በጠርሙስ ያላየ ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራዋል፤ ጨርቅ ሻጩም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ሹራብ የምትሠራው ልጅም። አንድ ጊዜ ከቃና ዘገሊላ ማግስት አጎቴን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ወይኑ የት ነው ያለው?»

አልሳቀብኝም። አጎቴ የልጅ ጥያቄ ላይ አይስቅም ነበር። ደብተሩን ገልጦ «የሚታይ» በሚለው ሥር «ጉዛራ» ብሎ ጻፈ፤ «የሚቀመስ» በሚለው ሥር «የእንፍራዝ ጠጅ»። የመጀመሪያዋ ደርሶ መልሴ እንዲህ ተወለደች።

ከጎንደር በጠዋቱ መኪና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ወርደን እንፍራዝ ደረስን። ከመንገዱ በላይ ጉብታው ላይ ግንቡ ይታያል። አጎቴ እንደ ዘመድ ቤት ነበር ያስገባኝ፤ መጀመሪያ አቁሞ ከሩቅ አሳየኝ፣ ከዚያ ዙሪያውን አዞረኝ፣ በመጨረሻ ወደ ላይ ወጥተን ጣናን አየን። «ጎንደር ሳትወለድ ይህ ቤት ነበር» አለኝ። ጉዛራን እንዳሠሩት የሚነገርላቸው ዐፄ ሠርፀ ድንግል እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡ ናቸው፤ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የጎንደርን ግንቦች እንደ ልጆች ብንቆጥራቸው ጉዛራ አያታቸው ናት። ልጅ ስለነበርኩ ቁጥሩ ብዙም አልገባኝም፤ አያት ሲለኝ ግን ገባኝ። ድንጋዩን ነካሁት።

ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ እያሳየ የጥያቄዬን መልስ ሰጠኝ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን ያዩ የውጭ አገር ተጓዦች በእንፍራዝና በይፋግ አካባቢ የወይን ተክል እንደነበር ጽፈዋል። «ወይኑ እዚህ ነበረ» አለኝ። አየሁ፤ የጤፍ ገለባ፣ የበሬ እግር የረገጠው አውድማ፣ አንድ የዋርካ ጥላ። ወይን የለም። አጎቴ ግን ያየ ይመስል ነበር። አንድን ባዶ ቦታ እንዴት ማየት እንደሚቻል መጀመሪያ ያየሁት በእሱ ዓይን ነው።

ቀጥሎ የቀኝ ዓምዱ መጣ። አጎቴ የሚያውቃቸው አንዲት እናት ቤት ገብተን እሱ በብርሌ ጠጅ፣ እኔ በጣሳ ብርዝ ያዝን። ጠጅ ሲቀምስ የመጀመሪያውን ጉንጭ አይውጥም፤ አፉ ውስጥ ያቆየዋል። «የመች ማር ነው» አለ ለባለቤቲቱ። ሴትየዋ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። ክረምት ወጥቶ መስኩን ቢጫ ከሚያለብሰው ከመች አበባ የሚገኘው ማር የራሱ መዓዛ አለው። የግራዋ ማር ደግሞ ምላስ ላይ መረር ይላል። ንቡ የት እንደዋለ፣ ወሩ የትኛው እንደነበር፣ ጌሾው ሳይበዛበት መነሣት አለመነሣቱን፣ ጋኑ በወይራ መታጠን አለመታጠኑን አጎቴ ከብርሌው ያነብ ነበር። ማታ በ1 ሰዓት ተኩል አያቴ ቤት ስንገባ የግርጌዋን መስመር ሞላት። ትንሽ ቆይቶ ደብተሩን ለእኔ ሰጠኝና «አንተ ደግሞ ቀን ጻፍባት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየጥሩ አንድ ሁለት ደርሶ መልስ ነበረን። ጎርጎራ ሄደን ደብረ ሲና ማርያምን አይተን የጣናን ዓሣ ቀምሰናል። ከተማው ውስጥ በእግር ወጥተን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዋልን፤ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች አንገቴን እስኪያመኝ ተመለከትኩ። የዚያን ቀን ደብተሩ ላይ የግራና የቀኙ ዓምድ ተገናኙ። በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ሥላሴ ተረፈች። የጎንደር አባቶች የሚተርኩት፣ ከግቢው የወጣ የንብ መንጋ ወራሪውን እንዳባረረ ነው። አጎቴ ይህን ከነገረኝ በኋላ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲህ የጠጁን ነገር አስብ» አለኝ። ንቧ ለጎንደር ሰው ማር ብቻ አልሰጠችም። ከዚያ ቀን ወዲህ አያቴ ቤት ጠጅ ሲቀዳ፣ ብርሌው ውስጥ የሚንቀሳቀስ አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል።

እያንዳንዱ ጉዞ ግን አንድ መቋጫ ነበረው። ወደ አብደራፊ ልንወርድ ስንል አጎቴ ገበያ ወጥቶ ዘቢብ ይገዛል። በወረቀት ጠቅልሎ፣ በላስቲክ ደግሞ ጠቅልሎ፣ ለእናቴ ይሰጣታል። ለሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘቢቡ ቤተልሔም ገብቶ፣ በውኃ ረጥቦ፣ ተጨምቆ፣ በጽዋው ውስጥ ወይን ይሆናል። ሰሊጥና ማሽላ እንጂ የወይን ዘለላ በማይታይበት ቆላ፣ ሰንበት በመጣ ቁጥር ወይን ነበረን፤ ከጎንደር ገበያ በእናቴ ጉያ የወረደ። በመንገድ ላይ ሙቀቱ ሲያይል እናቴ ጥቅሉን ከፀሐይ ታሸሸዋለች። ቃና ዘገሊላን የማስበው ሁልጊዜ በዚያች እጇ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አጎቴ ትልቁን ዕቅድ ጻፈ። የሚታይ፦ መተማ ዮሐንስ። የሚቀመስ፦ ከርከዴ። ከጎንደር መተማ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ መንገዱም ያኔ ጠጠር ነበር። አያቴ «ይህ ደርሶ መልስ አይደለም፣ ስደት ነው» ብላ ተቆጣች። አጎቴ ሰዓቱን እያሰላ አሳመናት። ሌሊት 11 ሰዓት በአንድ አይሱዙ ጋቢና ተጣብበን ወጣን። አዘዞን አልፈን፣ አይከል ላይ ሻይ ጠጥተን፣ ቁልቁል ወደ ቆላው ስንወርድ የማውቀው ሽታ መጣ፤ የደረቀ ሣር፣ የግራር ሙጫ፣ የጋለ አፈር። አብደራፊ የገባሁ መሰለኝ። ከሸኸዲ በፊት ጎማ ፈነዳ። መለወጫውም ብዙ ሳይሄድ ተነፈሰ። መተማ ስንደርስ ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነበር።

ከድልድዩ ማዶ ገላባት ይታያል። ሰው በእግሩ ይሻገራል፤ የሱዳን ጀለቢያ የለበሰው ከጋቢ ለባሹ ጋር በዓረብኛና በአማርኛ ተደባልቆ ዋጋ ይከራከራል። አጎቴ ከጥላ ሥር አቁሞኝ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚህ የሆነውን ነገረኝ። ዐፄ ዮሐንስ የጎንደርን መቃጠል ሊበቀሉ መጡ። የደርቡሾቹ አዛዥ ዘኪ ቱማል በእሾህ አጥር ተከልሎ ጠበቃቸው። ጦራቸው አጥሩን ሰብሮ ገብቶ ድሉ እጅ ላይ ሳለ ንጉሡ ተመቱ። በማግስቱ አረፉ። ያሸነፈ ጦር ተበተነ፤ አስከሬኑን ይዘው የሚያፈገፍጉትንም ደርቡሾቹ ደርሰውባቸው የንጉሡን ራስ ቆርጠው ወደ ኦምዱርማን ወሰዱት። ይህን ሲናገር የአጎቴ ድምፅ ዝግ አለ። ፉከራ አልነበረበትም። «ንጉሡም ደርሰው ሊመለሱ ነበር የወጡት» ብሎ ብቻ ዝም አለ።

ከዚያ ከርከዴ አዘዘ። ብርጭቆው መጣ፤ ቀለሙ የእናቴ የክት ቀሚስ ነው። ወይን ጠጅ። ኮምጠጥ ብሎ፣ ስኳር በዝቶበት፣ በዚያ ሙቀት ጉሮሮ ሲወርድ የሚሰጠውን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። አጎቴ እየጠጣን ሌላ ታሪክ ጨመረልኝ። በታላቁ ኢያሱ ዘመን ሻርል ዣክ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ንጉሡን ሊያክም ከካይሮ ተነሥቶ፣ በሰናር አድርጎ፣ በዚህ በድንበሩ ቆላ በኩል ወደ ጎንደር ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1699 ደረሰ። «ፈረንሳይ ወደ እኛ በዚህ በኩል ገብታለች» አለኝ። «አንድ ቀን አንተ ደግሞ ትሄዳለህ።» አጎቴ ትንቢት አይናገርም፤ ዕቅድ ነበር የሚናገረው።

የዚያን ቀን ጎንደር አልገባንም። የሚመለስ መኪና ጠፍቶ ሸኸዲ ላይ በጠፍር አልጋ፣ በደጅ፣ ኮከብ እያየን አደርን። በማግስቱ አያቴ ቤት ስንገባ አጎቴ ደብተሩን ገለጠ። እስክሪብቶውን አነሣ፣ አስቀመጠ። የግርጌዋን መስመር ባዶ ተዋት። «ይህቺን ሌላ ቀን እንሞላታለን» አለኝ።

ዓመታት አለፉ። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ለአሥር ወር ሥልጠና ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ሄድኩ። ቦርዶ በጋሮን ወንዝ ዳር የተሠራች፣ ስሟ ከወይን ጋር የተጋባ ከተማ ናት። አብሮኝ የሚኖረው ፈረንሳዊ ተማሪ አንድ ዓርብ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ «ነገ የት እንሂድ?» አለኝ። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በጣቱ ዞረ፤ እዚህ የወይን ቦታ፣ እዚህ ምሽግ፣ እዚህ ገዳም፣ እዚህ የባቡሩ ሰዓት። እሱ ያወራል፣ እኔ የአጎቴን ማስመሪያ ነው የማየው። ወረቀት አምጥቼ ለሁለት ከፈልኩት። ልጁ ምን እንደምሠራ ሳይገባው ዝም ብሎ አየኝ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ብላይ ሆነች። በወንዙ አፍ ላይ ቮባን የተባለው የሉዊ 14ኛ ምሽግ ሠሪ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናቀቀው ምሽግ አለ። ግንቡ ላይ ቆሜ ወንዙን ስመለከት ከጉዛራ ጣናን ያየሁበት ጠዋት መጣብኝ። ከዚያው ከብላይ አጠገብ በርሶን የምትባል መንደር አለች፤ ፒየር ካስቴል እ.ኤ.አ. በ1926 የተወለደው እዚያ ነው፤ ከስፔን የመጡ የወይን ቦታ ሠራተኞች ልጅ። እሱ ያቋቋመው ድርጅት ነው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ዝዋይ ዳር ወይን ተክሎ፣ በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለገበያ ያወጣው። አንዱ ወይን «ሪፍት ቫሊ»፣ ሌላው «አካሺያ» ይባላል። አካሺያ ግራር ነው። አባቴ «ሥሩ አትተኛ፣ የካላዛር ትንኝ አለበት» የሚለኝ፣ በበጋ ግን ከፀሐዩ ሌላ መሸሸጊያ የማይሰጠን የአብደራፊ ግራር። ያቺን መንደር በካርታው ላይ ሳያት የፖንሴ መንገድ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ።

ሁለተኛዋ ቅዳሜ ሳንቴሚሊዮን ነበረች። ከቦርዶ በባቡር አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ከጣቢያው ወደ ከተማዋ በወይን ረድፎች መካከል በእግር ይኬዳል። ረድፉ እንደ ተፈተለ ድር ቀጥ ያለ ነው፤ አባቴ ቢያየው ስለ አረሙ ንጽሕና ብዙ ያወራ ነበር። በከተማዋ መካከል በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሲያስገቡኝ የላሊበላ ቅዝቃዜ ፊቴን መታኝ፤ ያው የድንጋይ ሽታ፣ ያው መሬት ውስጥ የመግባት ጸጥታ። አስጎብኚዋ ስለ መነኩሴው ኤሚሊዮን ስትናገር ከንፈሬን ላንቀሳቅስ ስል ራሴን ያዝኩ፤ ጸሎት ሊያመልጠኝ ነበር። ያ የወይን ምድር ከነከተማው እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድሞ በ1979 ነው የተመዘገበው። አጎቴ ይህን ቢሰማ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበት ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ የወይን ቤት ገባን። ባለቤቱ፣ እጁ የገበሬ እጅ የሆነ ሽማግሌ፣ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ቀድቶ አዞረው፣ አሸተተው፣ ጉንጩ ውስጥ አቆየው። ከዚያ ስለ መሬቱ ጀመረ፤ ላይኛው ጠርዝ ኖራ ድንጋይ፣ ታችኛው ሸክላ አፈር፣ ይህ ሜርሎ፣ ያ ካበርኔ ፍራን። በእንፍራዟ እናት ቤት ተቀምጬ ነበር። ንቡ የዋለበትን የሚያነበው ሰውና ሥሩ የጠጣውን ድንጋይ የሚያነበው ሰው፣ ቋንቋቸው ቢገጥም ኖሮ ሌሊቱን ሲያወጉ ያድሩ ነበር።

ልቤ ውስጥ የቀረችው ግን ሦስተኛዋ ናት። በዚያው ባቡር ከሳንቴሚሊዮን ቀጥሎ ካስቲዮን የምትባል ከተማ አለች። ሙሉ ስሟ ካስቲዮን ላ ባታይ ነው፤ «የውጊያዋ ካስቲዮን» እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1453 የእንግሊዝና የፈረንሳይ የመቶ ዓመት ጦርነት የመጨረሻው ውጊያ እዚያ ተካሄደ። ቦርዶ ከ300 ዓመት በፊት በጋብቻ ወደ እንግሊዝ ነገሥታት እጅ ገብታ ነበር። ጆን ታልቦት የሚባለው እንግሊዛዊ የጦር መሪ በስተእርጅናው ካስቲዮንን ሊያስጥል መጣ፤ የፈረንሳዮቹ መድፍ ጦሩን ጨረሰ፤ እሱም እዚያው ሞተ።

ስሟን ባቡር ጣቢያው ላይ ሳነብ ቆምኩ። ውጊያን በስሟ የተሸከመች ሌላ ከተማ አውቃለሁ፤ መተማ ዮሐንስ። አንዷ የውጊያውን፣ አንዷ የሟቹን ስም ይዘዋል። ከከተማዋ ወጣ ብለን ታልቦት የወደቀበት የሚባለው ሜዳ ደረስን። በወንዙ ዳር ለእሱ፣ ለጠላት አዛዥ፣ መታሰቢያ አቁመውለታል። ዙሪያው ወይን ነው። ሰዎች ብርድ ልብስ ዘርግተው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ ልጆቻቸውን ያጫውታሉ። ጓደኛዬ ደግሞ ሜዶክ በሚባለው ቦታ «ሻቶ ታልቦት» የሚባል ስመ ጥር ወይን እንዳለ ነገረኝ፤ የዚያ የጠላት አዛዥ ስም በጠርሙስ ላይ ተጽፎ በፈረንሳዮች ማዕድ ይቀርባል።

ሣሩ ላይ ተቀምጬ ብዙ ዝም አልኩ። አጎቴ መተማ ላይ ዝም ያለውን ዝምታ ነበር። አንድ የጦር ሜዳ ደርሶ መልስ እስኪሆን ድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል? ድል ማለት ማን እንደወደቀ የሚቆጠርበት ብቻ አይደለም። ድል ማለት የወደቁበት ሜዳ ላይ የልጅ ልጅ በጠዋት መጥቶ፣ የሁለቱንም ወገን ታሪክ ሰምቶ፣ የመሬቱን ፍሬ ቀምሶ፣ በማታው ባቡር ቤቱ ሲገባ ነው። ካስቲዮን ላይ ይህን አየሁ። መተማም ይገባታል። ገላባትም ይገባታል። እዚያ የወደቁት የእኛ አባቶች ይገባቸዋል፤ ከእሾህ አጥሩ ውስጥ የወደቁት የሱዳን ልጆችም ይገባቸዋል።

የዚያን ማታ ለአጎቴ ደወልኩ። ስለ ውጊያው፣ ስለ አለቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ሽማግሌው ብርጭቆ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ስንት ሰዓት ተመለሳችሁ?»

«ማታ 2 ሰዓት ከሩብ፣ ጋሼ።»

«ተመስገን» አለ። ደብተሩን ሲገልጥ በስልክ ሰማሁት፤ የወረቀቱን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ባለፉት ዓመታት የጎንደር መተማ መንገድ አስፋልት ሆኖ ነበር። በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚያስችል መንገድ። ከፈረንሳይ ስመለስ ያቺን ባዶ መስመር እንሞላታለን ብለን ተነጋገርን። ዛሬ ነገ ስንል አጎቴ ጉልበቱን ታመመ፤ ከዚያ የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት መጣ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሱዳን ላይ ጦርነት ሲነሣ፣ በዚያች ድልድይ ላይ ሸቀጥ ሳይሆን ስደተኛ ተሻገረ፤ ልጅ ያዘለች፣ ፍራሽ የተሸከመ። በእኛም ወገን መንገዱ ላይ ተኩስ ሆነ። ጎንደርና መተማ፣ ጎንደርና አብደራፊ መካከል የሚሄድ ሰው ቤተሰቡን እንደ ሩቅ አገር ተጓዥ ስሞ መውጣት ጀመረ። እናቴ አሁንም ለሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ዘቢብ የሚያወርድላት መንገደኛ ትጠብቃለች። የሚወርድ ሲገኝ በደስታ ትደውልልኛለች፤ «ዘቢቡ ደረሰ» ትለኛለች። ስለ ሰሊጡ ዋጋ ከማውራቷ በፊት ስለ ዘቢቡ ነው የምትነግረኝ።

ሰላምን በልዩ ልዩ ነገር የሚለኩ አሉ። እኔ ከአጎቴ የተማርኩት መለኪያ ያቺ የግርጌ መስመር ናት። አንድ ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ አገሩን አይቶ፣ አገሩን ቀምሶ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ሰዓቱን መጻፍ ከቻለ ያ አገር ሰላም ነው። ካልቻለ፣ ግንቡ ቢቆምም፣ ማሩ ቢጣፍጥም፣ አስፋልቱ ቢዘረጋም፣ ገጹ ጎደሎ ነው።

አጎቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። ባለፈው ሳገኘው ደብተሩን ሰጠኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ አያቴ እንደምትለው «ምን ሆነህ ነው የምታወርሰኝ?» ብዬ እቆጣ ነበር፤ ግን በሁለት እጄ ተቀበልኩት። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ገጾቹን ገለጠች። ጉዛራ፣ 1 ሰዓት ተኩል። ጎርጎራ፣ 12 ሰዓት ከ40። ሥላሴ፣ 10 ሰዓት። ከዚያ መተማ ላይ ደረሰችና ጣቷን ባዶው መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይህቺ ለምን አልተጻፈችም?» አለችኝ።

አጎቴ እኔን ቀድሞ መለሰላት። «ገና አልተመለስንም» አላት።

ከዚያ ማስመሪያ ጠየቀች። አዲስ ገጽ ከፍታ ለሁለት ከፈለችው። የሚታይ፦ መተማ ዮሐንስ፣ ድልድዩ፣ ገላባት ከማዶ። የሚቀመስ፦ ከርከዴ። መነሻ ሌሊት 11 ሰዓት። አይከል ላይ ሻይ። አጎቴ እየነገራት ሁሉንም ጻፈች። የመጨረሻውን መስመር ስታሰምር ከእሷ ፊደል ይልቅ የመስመሩ ቀጥተኛነት ገረመኝ። ከጎኑ፣ በልጅ እጅ፣ «ዘቢብ መግዛት እንዳንረሳ» የሚል ጨመረችበት። ደብተሩን ዘግታ እስክሪብቶውን በዚያው ገጽ መካከል አስቀመጠችው።